ዶሮዎች በክረምትና በብርድ ወራት እንቁላል እንዳያቋርጡ

ገበያ የሚያውቅ ሰው ሁሉ እንደሚመሰክረው እንቁላል የሚጠፋው እጅግ በሚፈለግበት ሰዓት ነው። የፍልሰታ ጾም ነሐሴ 16 ቀን ይፈታል፤ ከዚያ ሦስት ሳምንት ያህል ቆይቶ ዘመን ይለወጣል፤ መስከረም 17 ቀን ደግሞ መስቀል ይከተላል። በነዚህ ቀናት ውስጥ እንቁላል የማይፈልግ ቤት የለም ማለት ይቻላል። ነገር ግን ዶሮዎቹ ክረምቱን ሙሉ በዝናብና በጭቃ፥ በረኀብና በበሽታ ሲፈተኑ ሰንብተው ብዙዎቹ እንቁላል መጣል ያቆሙት በዚሁ ጊዜ ነው። ስለዚህ በጾም ወራት ገዥ አጥቶ የተቀመጠው እንቁላል በበዓል ዋዜማ ሻጭ አጥቶ ይገኛል።

ይህ ነገር ለተርታ ሰው ትንሽ ይመስላል። ሆኖም በገጠርም ሆነ በከተማ ጓሮ የዶሮ ገንዘብ አብዛኛውን ጊዜ የቤት እመቤቲቱ ገንዘብ ነው። በሬውና እህሉ በባልዮው እጅ ሲሸጥ ከእንቁላሉ የሚገኘው ሳንቲም ግን ለጨው፥ ለበርበሬ፥ ለሳሙናና ለልጆች ልብስ ይውላል። መስከረም ትምህርት ቤት የሚከፈትበት ወር ስለ ሆነ ደብተርና እርሳስ የሚገዛውም ብዙ ጊዜ በዚሁ ገንዘብ ነው። እንግዲህ ዶሮዎቹ ከሐምሌ እስከ መስከረም ሥራ ከፈቱ የሚጎዳው የበዓል ገበታ ብቻ አይደለም፤ የልጁም ደብተር አብሮ ይጎድላል።

የአውሮፓ ክረምትና የደጋው ክረምት

ስለ ዶሮ ርባታ በአውሮፓና በአሜሪካ የተጻፉ መጻሕፍት ሁሉ «ዶሮ በክረምት እንቁላል ታቆማለች» ይላሉ። ቃሉ በአማርኛ ሲነበብ ከዚህ አገር ክረምት ጋር አንድ ይመስላል፤ ነገሩ ግን ሌላ ነው። የዚያ አገር ክረምት ዋና ጠባዩ ጨለማ ነው። በለንደን ከተማ በታኅሣሥ ወር የቀኑ ርዝመት 8 ሰዓት አይሞላም፤ በሰኔ ግን ከ16 ሰዓት ተኩል ያልፋል። ዶሮ ብርሃንን የምትቀበለው በዓይኗ ብቻ ሳይሆን በራስ ቅሏ በኩል አልፎ ወደ አንጎሏ በሚደርሰውም ጨረር ነው። ቀኑ ሲረዝም አንጎሏ እንቁላል የሚያበስለውን ቅመም እንዲወጣ ያዛል፤ ቀኑ ሲያጥር ግን ትእዛዙ ይቀዘቅዛል። ይህንን የብርሃን ምሥጢር በወፎች ላይ መርምሮ ለዓለም ካስታወቁት አንዱ በካናዳ አገር ያስተምር የነበረው ዊሊያም ሮዋን ሲሆን የምርመራው የመጀመሪያ ጽሑፍ የወጣው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1925 ዓመት ነው።

በአሥመራ ግን የዓመቱ አጭር ቀን 11 ሰዓት ከሩብ ያህል፥ ረጅሙ ቀን 13 ሰዓት ያህል ነው፤ በአዲስ አበባ ደግሞ ልዩነቱ ከዚህም ያነሰ ነው። ይልቁንም ዝናቡ የሚበረታበት ሐምሌ ቀኑ ከረዘመባቸው ወራት አንዱ ነው። ስለዚህ በደጋው ክረምት ዶሮዎች እንቁላል የሚያቋርጡት ስለ ጨለማ አይደለም። ምክንያቶቹ እርጥበት፥ የምግብ ማነስ፥ በሽታ፥ መታቀፍና ላባ መጣል ናቸው። የብርሃኑ ነገር ትንሽ ሥራ የሚሠራው ከኅዳር እስከ ጥር ባለው የብርድ ወራት ነው። የአውሮፓውን መድኃኒት ያለ ማስተዋል ወስዶ በነሐሴ ወር በዶሮ ቤት አምፑል የሚሰቅል ሰው ገንዘቡን ያጠፋል፤ ጣራው እያፈሰሰ ከሆነ ደግሞ ዶሮዎቹ ሲበሰብሱ በብርሃን ያያቸዋል።

እንቁላል ከምን ይሠራል

አንዲት ዶሮ አንድ እንቁላል ሠርታ ለመጨረስ 25 ሰዓት ያህል ያስፈልጋታል። ከዚህ ውስጥ 20 ሰዓት ያህሉ የሚያልፈው ቅርፊቱን በመሥራት ነው። ቀኑ ደግሞ 24 ሰዓት ስለ ሆነ የምትጥልበት ሰዓት በየቀኑ ጥቂት እየዘገየ ይሄድና አንድ ቀን ትዘልላለች፤ ይህ የተፈጥሮ ሕግ ስለ ሆነ ባለቤቱ ሊያዝን አይገባውም።

እንቁላል ከአራት እጅ ሦስቱ ውኃ ነው። የአንዱ ቅርፊት 2 ግራም ያህል ካልሲየም አለበት፤ ይህም በኖራ ድንጋይና በባሕር ዛጎል የሚገኘው ንጥረ ነገር ነው። ዶሮዋ ይህን በምግቧ ካላገኘች ለጥቂት ቀናት ከራሷ አጥንት እየቀነሰች ትከፍላለች፤ ከዚያ በኋላ ቅርፊቱ ይሳሳል፥ በመጨረሻም እንቁላሉ ይቆማል። ከዚህ የምንረዳው እንቁላል ትርፍ ሀብት መሆኑን ነው። ዶሮ መጀመሪያ ሰውነቷን ታሞቃለች፥ ከበሽታ ጋር ትታገላለች፥ ላባዋን ታበቅላለች፤ እንቁላል የምትሠራው ከዚህ ሁሉ በተረፈው ነው። የሰውነቷ ሙቀት 41 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ስለ ሆነ ላባዋ ርሶ ያደረች ዶሮ የበላችውን እህል ሁሉ ለሙቀት ታጠፋዋለች።

ጊዜን ጠብቆ ማስፈልፈል

የክረምት እንቁላል የሚዘጋጀው በበጋ ነው። የአገር ዶሮ ቄብ ከተፈለፈለች በኋላ በስድስትና በሰባት ወር፥ የፈረንጅ ዝርያ ግን በአምስት ወር ገደማ እንቁላል ትጀምራለች። ስለዚህ በኅዳርና በታኅሣሥ የተፈለፈለች የአገር ጫጩት፥ በጥርም የተገዛች የፈረንጅ ጫጩት በሰኔና በሐምሌ ለሥራ ትደርሳለች። አዲስ የጀመረች ቄብ በመጀመሪያው ዓመቷ ብዙውን ጊዜ ላባ ስለማትጥል አሮጊቶቹ ባረፉበት ሰዓት እርሷ ትሠራለች። ሌላም ጥቅም አለው፤ በደረቅ ወራት ያደገች ጫጩት በክረምት ጭቃ ከሚበዛው የደም ተቅማጥ ትድናለች። በሰኔ ማስፈልፈል ግን ጫጩቶቹን ለዝናብና ለጭልፊት መስጠት ነው።

ስለ ዝርያውም ማስታወስ ያስፈልጋል። ገብስማ፥ ቀይ፥ ነጭ፥ ጥቁርና አንገተ መላጣ እየተባሉ የሚጠሩት የአገር ዶሮዎች በዓመት ከ40 እስከ 60 እንቁላል ቢጥሉ ነው፤ ነገር ግን ቆሻሻ ጭረው ይኖራሉ፥ ጫጩታቸውን ራሳቸው ያሳድጋሉ፥ ሥጋቸውም በገበያ የተወደደ ነው። ስሙን ከኢጣልያው ከሊቮርኖ ወደብ ያገኘው ነጩ ሌግሆርንና ቀዩ ሮድ አይላንድ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1950ዎቹ ዓመታት በጅማና በዓለማያ የእርሻ ትምህርት ቤቶች በኩል ወደ ኢትዮጵያ ገብተው ተሠራጭተዋል። ዛሬ በየእርሻው የሚገኙት የተዳቀሉ ዝርያዎች በመልካም አያያዝ በዓመት ከ250 በላይ እንቁላል ይሰጣሉ፤ መልካም አያያዝ ካላገኙ ግን ከአገሩ ዶሮ ቀድመው የሚሞቱት እነርሱ ናቸው።

ስለ ቤቱ

ለዶሮ ቤት ዋናው ነገር መድረቁ ነው። ወለሉ ከውጭው መሬት አንድ ክንድ ያህል ከፍ ቢል፥ በዙሪያውም የውኃ መውረጃ ቦይ ቢቆፈር ጎርፍ አይገባበትም። ቆርቆሮው በዝናቡ አቅጣጫ ዝቅ ብሎ እንዲያልፍ ማድረግ፥ በሩን ወደ ፀሐይ መውጫ ማዞር ይገባል። በወለሉ ላይ ደረቅ ጭድ ወይም ሰጋቱራ በአንድ ስንዝር ውፍረት ይነጠፋል፤ ይህም በየሁለት ቀኑ ይገላበጣል፥ የረጠበውም ተጠርጎ ይወጣል። ለአንድ ካሬ ሜትር ከሦስት ወይም ከአራት ዶሮ በላይ ማጎር አይገባም።

ብዙ ሰው ብርድን በመፍራት የዶሮ ቤት ቀዳዳዎችን ሁሉ በጆንያ ይደፍናል። ይህ ትልቅ ስሕተት ነው። ከኩሱ የሚወጣው የሚቆጠቁጥ ሽታና ከትንፋሻቸው የሚወጣው እርጥበት መውጫ ሲያጣ ዶሮዎቹ ዓይናቸውን ይታመማሉ፥ ያስላሉም። ነፋሱ በቆጡ ላይ ባሉት ዶሮዎች ጀርባ ቀጥታ እንዳይነፍስ መከልከል፥ ከጣራው ሥር ግን በሽቦ ወንፊት የተሸፈነ መተንፈሻ መተው ይገባል። ከሰል በዶሮ ቤት ማንደድ ከቶ አያስፈልግም፤ ጭሱ ከብርዱ ይልቅ ይገድላል። ደረቅ ሆና የጠገበች ዶሮ የአሥመራን የታኅሣሥ ሌሊት ያለ እሳት ታልፈዋለች።

ለእያንዳንዷ ዶሮ በቆጡ ላይ 20 ሳንቲሜትር ያህል ስፍራ፥ ለአራት ወይም ለአምስት ዶሮዎችም ጭድ የተነጠፈበት አንድ የመጣያ ሣጥን በጨለማ ጥግ ይበቃል። በአንድ ማእዘን ደረቅ አመድና አሸዋ የተቀላቀለበት ሣጥን ቢቀመጥ ዶሮዎቹ ራሳቸው እየታጠቡበት ቅማልና ቁንጫን ይቀንሳሉ። በቆጡ ስንጥቅ ቀን ተሸሽጋ ሌሊት ደም የምትመጠውን ቀይ ተባይ ለማጥፋት ቆጡን ነቅሎ በፈላ ውኃ ማጠብና በፀሐይ ማድረቅ ያስፈልጋል። በሩ ማታ ማታ በሚገባ ካልተዘጋ ይህ ሁሉ ድካም በአንድ ሌሊት የሸለምጥማጥ እራት መሆኑን መርሳት አይገባም።

ስለ ምግብና ስለ ውኃ

«ዶሮ ብታልም ጥሬዋን» እንደሚባለው የዶሮ ሐሳብ ሁሉ በእህል ላይ ነው። በመከር ወራት በየአውድማው የወደቀው ፍሬ ስለሚበቃት ባለቤቱ ሳይደክም እንቁላል ታበዛለች። በክረምት ግን ጎተራው ባዶ፥ ሜዳውም ጭቃ ነው፤ የምትጭረው ትል ብታገኝም ኃይል የሚሰጣት እህል ታጣለች። ስለዚህ ከሰኔ ጀምሮ ለአገር ዶሮ ጠዋት ጥቂት፥ ማታ ደግሞ ወደ ቆጥ ከመውጣቷ በፊት አንድ እፍኝ ማሽላ ወይም በቆሎ መስጠት ይገባል። የማታው እህል ሌሊቱን ሲፈጭ ሙቀት ይሆናታል።

ቤት ተዘግቶባቸው ለሚኖሩት የፈረንጅ ዝርያዎች ግን የተመጠነ ምግብ ያስፈልጋል። አንዲቱ በቀን 120 ግራም ያህል ትበላለች። ለምሳሌ 10 ኪሎ የሚጠጋ ምግብ ለማዘጋጀት የተከካ በቆሎ ወይም ማሽላ 5 ኪሎ፥ ፉሩሽካ 1 ኪሎ ተኩል፥ የኑግ ፋጉሎ 2 ኪሎ፥ የዓሣ ዱቄት ግማሽ ኪሎ፥ የተወቀጠ የኖራ ድንጋይ ወይም የባሕር ዛጎል 900 ግራም፥ ጨው 30 ግራም መቀላቀል ይቻላል። የዓሣ ዱቄት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1950ዎቹ በምጽዋ ከትናንሽ ዓሦች ተሠርቶ ወደ ውጭ አገር ይላክ የነበረ ዕቃ ነው፤ ከመጠን ሲያልፍ ግን የእንቁላሉን ጣዕም ዓሣ ዓሣ ያሰኘዋል። ዛጎል የማያገኝ ሰው የበላውን እንቁላል ቅርፊት በምጣድ ቆልቶ አድቅቆ ይስጣቸው፤ ሳይደቅ ከሰጣቸው ግን እንቁላላቸውን ሰብሮ የመብላት ልማድ ያስተምራቸዋል። የጎመንና የሰላጣ ቅጠል ለአስኳሉ ቢጫ መልክ ይሰጣል።

ሻጋታ የያዘውን እህል «ለዶሮ ይሆናል» ብሎ መጣል በክረምት የተለመደ ክፉ ልማድ ነው። ሻጋታው መርዝ ስላለው ጉበታቸውን ይጎዳል፥ እንቁላሉንም ያቋርጣል። ውኃውም ንጹሕ ይሁን፤ ዶሮ ከምትበላው በክብደት እጥፍ ያህል ስለምትጠጣ ግማሽ ቀን ውኃ ያጣች ዶሮ ዋጋውን በማግሥቱ በእንቁላል ታስከፍላለች።

ስለ መብራት፥ ስለ መታቀፍና ስለ ላባ

ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ የፈረንጅ ዝርያ ያለው ሰው ቀኑን በመብራት እስከ 14 ሰዓት ቢያስረዝም ይጠቀማል። በአሥመራ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተኩል ጀምሮ እስኪነጋ አንድ አነስተኛ አምፑል ማብራት ይበቃል። መጠኑም፥ በዶሮዎቹ ቁመት ልክ ጋዜጣ ቢያዝ ፊደሉ የሚነበብ ከሆነ ብርሃኑ በቂ ነው። በማታ ፋንታ በሌሊት መጨረሻ ማብራቱ የሚመረጠው መብራቱ በድንገት ሲጠፋ ዶሮዎቹ ቆጥ ሳይወጡ በጨለማ እንዳይቀሩ ነው። አንድ ጊዜ ከተጀመረ በኋላ አንድ ቀን አብርቶ አንድ ቀን መተው ካለማብራት ይልቅ ይጎዳል።

የአገር ዶሮ ጥቂት እንቁላል ከጣለች በኋላ መታቀፍ ትፈልጋለች። 21 ቀን ታቅፋ፥ ከዚያም ጫጩቶቿን ሁለት ወር ያህል ስታሳድግ እንቁላል የለም። በክረምት ጫጩት የማይፈለግ ከሆነ ይህን ፍላጎት ማስቀረት ይገባል። በገጠር በቀዝቃዛ ውኃ መንከርና ዘቅዝቆ መስቀል የተለመደ ቢሆንም በብርድ ወራት ለበሽታ ያጋልጣታል፥ ጭካኔም ነው። የሚሻለው ከሥሩ አየር በሚያስገባ የእንጨት ርብራብ ባለው ሣጥን ውስጥ ምግብና ውኃ እየሰጡ ሦስት ወይም አራት ቀን ማኖር ነው፤ ሆዷ ሲቀዘቅዝ ሐሳቧን ትተዋለች።

ላባ የምትጥል ዶሮ ግን አልታመመችም፤ ዕረፍት ላይ ናትና በሚገባ መመገብ አለባት። በፍጥነት ጥላ በፍጥነት የምታበቅል ዶሮ ጥሩ ሠራተኛ ናት። ቀድማ ጀምራ ወራት የምትጎትተዋን ለገበያ ማቅረብ ይሻላል። የምትጥለዋን ከማትጥለው ለመለየት የራሷ ቀይ ሥጋ ሞቅ ያለና የለሰለሰ እንደ ሆነ፥ ከጅራቷ ሥርም በሁለቱ አጥንቶች መካከል ሁለት ወይም ሦስት ጣት የሚያስገባ ስፍራ እንዳለ መመልከት ነው።

ፈንግል፥ የሁሉም ጠላት

ከላይ የተነገረው ጥንቃቄ ሁሉ በአንድ ሳምንት ከንቱ የሚሆነው ፈንግል የገባ እንደ ሆነ ነው። ይህ በሽታ በዓለም መጻሕፍት የኒውካስል በሽታ ይባላል፤ ስሙን ያገኘው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1926 ከታየባት የእንግሊዝ ከተማ ነው። በዝናብ መግቢያ ብዙ ጊዜ ይነሣል። ዶሮዋ ትተክዛለች፥ አፏን ከፍታ ታጣጥራለች፥ አረንጓዴ ተቅማጥ ይይዛታል፥ አንገቷም ይጠመዘዛል። ክትባት ባላገኘ መንደር ከአሥሩ ዘጠኙን ሊፈጅ ይችላል፤ ከያዘም በኋላ ፈውስ የለውም።

በሽታውን የሚያዛምተው ከሁሉ ይልቅ ገበያ ነው። አንዲት ዶሮ ሞታ ያየ ሰው የቀሩትን ሳይሞቱ ለመሸጥ ይሮጣል፤ ገዢውም ሞቱን በቅርጫት ተሸክሞ ወደ ሌላ መንደር ይገባል። ስለዚህ በዝናብ መግቢያ ከገበያ ዶሮ አለመግዛት፥ የተገዛችውንም ለሁለት ሳምንት ለብቻዋ ማኖር ይገባል።

ክትባቱ በዓይን ጠብታ የሚሰጥ፥ ዋጋውም ትንሽ ነው። ሙቀት የሚችለው «አይ ሁለት» የተባለው ክትባት በአውስትራሊያ ለገጠር ዶሮዎች ተብሎ የተሠራ ሲሆን በቢሾፍቱ የሚገኘው የእንስሳት መድኃኒት ተቋምም ያዘጋጀዋል። ችግሩ ሌላ ነው። አንዱ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮዎች የሚበቃ ስለ ሆነ ከተከፈተ በኋላ ተቀምጦ አይቆይም፤ ስድስት ዶሮ ያላት ሴት ብቻዋን ልትገዛው አትችልም። እዚህ ላይ የአስተዳዳሪዎች ሥራ ይጀምራል። የመንደሩ ሹም ከዝናብ በፊት አንድ ቀን ወስኖ የመንደሩ ዶሮ ሁሉ ሌሊት በቆጥ ላይ ሳለ ወይም ማለዳ ከመለቀቁ በፊት በአንድነት እንዲከተብ ቢያደርግ፥ በየአራት ወሩም ቢያስደግመው ብዙ ቤተ ሰብ ከኪሳራ ይድናል። ለዚህ የሚያስፈልገው ሥርዓት እንጂ ብዙ ገንዘብ አይደለም።

በቆላውና በባሕሩ ዳር

ከደጋው ወደ ምጽዋ የወረደ ሰው ነገሩ ሁሉ ተገልብጦ ያገኘዋል። በዚያ ዝናብ የሚጥለው በኅዳርና በጥር መካከል ነው፤ ለዶሮዎችም መልካሙ ወራት ያ ነው። ፈተናቸው የሐምሌና የነሐሴ ሐሩር ነው። ዶሮ ላብ የላትም፤ ሙቀቷን የምታወጣው በማለክለክ ነው። ስታለከልክ ቅርፊቱን የምትሠራበት አየር ከደሟ አብሮ ስለሚወጣ እንቁላሉ ስስና ተሰባሪ ይሆናል። ለዚህ መድኃኒቱ ጥላ፥ ነፋስ የሚያሳልፍ ቤት፥ ቀዝቃዛ ውኃ፥ ምግቡንም በማለዳና በማታ መስጠት ነው።

የነጋዴው ሒሳብ

አሥር የፈረንጅ ዶሮዎች በወር 36 ኪሎ ምግብ ይበላሉ እንበል። በቀን ስድስት እንቁላል ከጣሉ በወር 180 ይሆናል፤ አንዱ እንቁላል 200 ግራም ምግብ አስወጣ ማለት ነው። በክረምት ጉስቁልና ወደ ሁለት ቢወርዱ ግን በወር 60 እንቁላል ብቻ ይገኛል፤ የአንዱም ወጪ 600 ግራም ይሆናል። ዶሮዎቹ ያው፥ ምግቡም ያው ሆኖ ወጪው ሦስት እጥፍ ሆነ። ለጣራ መጠገኛ የሚወጣው ገንዘብ ከዚህ ጋር ሲመዘን ቀላል ነው።

እንቁላልን ከጾም እስከ በዓል ለማቆየት የሚፈልግ ነጋዴ ሦስት ነገር ያስተውል። አንደኛ፥ እንቁላል ለመጣል አውራ ዶሮ አያስፈልግም፤ አውራ ከሌለበት ቤት የተገኘው እንቁላል በሙቀት ጊዜ ጽንስ ስለማይጀምር ይቆያል። ሁለተኛ፥ የሚቀመጥ እንቁላል አይታጠብ፤ በቅርፊቱ ላይ ያለው ስስ ሽፋን በሽታ እንዳይገባ ይከላከላልና። በቀዝቃዛ ክፍል በጭድ ውስጥ ሹል ጫፉ ወደ ታች ሆኖ ይቀመጥ። ሦስተኛ፥ ትኩሱን ከቆየው ለመለየት በውኃ ይፈተን፤ ትኩሱ ይተኛል፥ የሰነበተው ይቆማል፥ የሚንሳፈፈውም ለገበያ አይቀርብም።

በመጨረሻ፥ በዘመን መለወጫ ዋዜማ የዶሮ ዋጋ ሲንር የምትጥለዋን ዶሮ ለቢላዋ የሚሸጥ ባለቤት «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» የተባለው ይደርስበታል። ያቺ ዶሮ በጥቅምትና በኅዳር ልትሰጠው የነበረውን እንቁላል ሁሉ በአንድ ቀን ዋጋ ለውጦታልና። ለበዓሉ አውራውንና ሥራ ያቆመችውን ሸጦ፥ የምትሠራዋን ከደረቅ ጭድና ከንጹሕ ውኃ ጋር የሚያኖር ሰው ግን ጎረቤቱ እንቁላል ፍለጋ በጭቃ ወደ ገበያ ሲወጣ እርሱ ከሣጥኑ ያነሣል።